መሪውና ልጅነቱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደረሱንን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናል። ሁሉም የሚጠይቁት የአንድ መሪ አስተዳደግ በሥልጣን ዘመኑ ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ነው። ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭዎቹን እ.ኤ.አ. ብለናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ የማይጠፋ ክርክር አለ። ግማሹ «ችግር ያላየ የሕዝብ ችግር አይገባውም፣ መሪ ከድሃ ቤት መውጣት አለበት» ይላል። ሌላው «ርቦት ያደገ ሲሾም ይዘርፋል» ይላል። የቱ ነው ልክ? (አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁለቱም ግን ምሳሌ አያጡም፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1809 ኬንታኪ ውስጥ ከግንድ በተሠራች ጎጆ ተወለደ። ትምህርት ቤት የዋለበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። የባሪያዎችን ነጻ መውጣት ያወጀው እሱ ነውና «ድህነት ርኅራኄ አስተማረው» ለማለት ያመቻል። ሊንከን ሲገደል የተተካው አንድሩ ጆንሰን ግን ከእሱ ስድስት ሳምንት ያህል ቀድሞ የተወለደ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ በልጅነቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተሰጥቶ ያደገ ድሃ ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1866 ነጻ ለወጡት ጥቁሮች የዜግነት መብት የሚሰጠውን ሕግ አልፈርምም አለ፤ ምክር ቤቱም ያለ እሱ ፊርማ አጸደቀው። ሁለቱም ድሃ አደግ፣ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ተከታትለው የተቀመጡ፣ አካሄዳቸው ግን ተቃራኒ ነው።

እኛ የምንመክረው ድህነቱን ትታችሁ ሌላ ነገር እንድትፈልጉ ነው፦ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጭንቅ ያወጣው ዘዴ ምን ነበር? ሰው አንዴ የሠራለትን ዘዴ በቀላሉ አይጥልም። ከተሾመ በኋላ፣ ጉዳዩ ሌላ ሆኖ ሳለ እንኳ፣ መልሶ መላልሶ ያወጣዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስን እንይ። ካሣ ኃይሉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ ይሰደብ እንደነበር፣ እንዲህ ብሎ የፎከረበትን ደጃዝማች ወንድይራድን በማረከ ጊዜም ኮሶ እንዳጠጣው ይተረካል። ታሪኩ ጣፋጭ ስለሆነ ሁሉም እዚያ ላይ ይቆማል። ነገር ግን ካሣ ከዘመዱ ከደጃዝማች ክንፉ ቤት የኖረ ልጅ ነው፤ የኔ ቢጤ አልነበረም። የአገዛዙን ጠባይ ለመረዳት ከኮሶው ይልቅ ሽፍትነቱ ይበልጥ ይናገራል። ያወጣው ፍጥነት፣ ድንገተኛ ምትና ራሱ ከፊት መሰለፉ ነው። ከ1845 እስከ 1847 ባለው ጊዜ ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን አይሻል ላይ፣ ውቤን ደረስጌ ላይ ጣለ። ከነገሡም በኋላ ቴዎድሮስ አገር የያዙት በዚያው መንገድ ነው፤ አንዱን አስገብረው ሲመለሱ ሌላው ከኋላቸው ይሸፍታል፣ እንደገና ይዘምታሉ፣ ጦሩም ገበሬውን ይበላል። ሽፍታን ያነገሠ ዘዴ ግብር የሚሰበስብ ሹም አላፈራላቸውም። በ1840 ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ያሸነፋቸው ጊዜ የተማሩት ደግሞ ሌላ ነው፤ የጋፋቱ የመድፍ ሥራና ሴባስቶፖል የዚያ ቀን ትምህርት ውጤት ናቸው።

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ አዘጋጆች። የ11ኛ ክፍል የታሪክ መምህር ነኝ። የክበቡ ተማሪዎች «የመሪው አስተዳደግና አገዛዙ» በሚል ባለ 4 ገጽ ጽሑፍ ሊያዘጋጁ ነው። አምና የጻፉት ሁሉ ልብ ወለድ ሆኖብኝ ነበር። በምን ቅደም ተከተል ላሠራቸው? (መምህር፣ ከሰንዳፋ)

መልስ፦ መምህር፣ ልብ ወለድ የሚሆነው ከተወለደበት ቀን ስለሚጀምሩ ነው። ከዙፋኑ ያስጀምሯቸው። አንድ ሙሉ ዘመነ መንግሥት ሳይሆን አንድ ውሳኔ ይምረጡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ። ልጅነቱ ከ4ቱ ገጽ ከ1 እንዳይበልጥ ገደብ ያድርጉ። «ገና በልጅነቱ የመሪነት ምልክት ይታይበት ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ካዩ ሳይራሩ ይሰርዟት፤ ያልተሾሙትን እኩዮቹን ማንም ስላልመዘገበ ብቻ የተረፈች ናት።

ዐፄ ምኒልክን ወስደን እናሳይዎ፤ ለተማሪም የሚመች፣ መረጃውም የተሻለ ነው። የሚመረመረው ውሳኔ፦ ምኒልክ በ1870 ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ለምን ገቡ? ጦር ነበራቸው፣ ንጉሠ ነገሥት ነኝም ይሉ ነበር።

በመጀመሪያ ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ያስሠሯቸው፦ ዕድሜ፣ የሆነው ነገር፣ ማን መቼ እንደጻፈው። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 አባታቸው ኃይለ መለኮት ሲሞቱና ሸዋ በቴዎድሮስ ሲያዝ የ11 ዓመት ልጅ ሆነው ተማረኩ። እስረኛም ልጅም ሆነው አደጉ፤ ደጃዝማች ተባሉ፣ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አገቡ። በ1856 ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። በሰኔ 1857 ምኒልክ ሚስታቸውን ትተው ከመቅደላ አመለጡ፤ 21 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ያህል ቀርቷል። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ሳለ ምኒልክን አሳለፉ፤ ልጁም በዚሁ ተገደለ።

ሰንጠረዡ ሲሠራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱንና የፈረንጁን ይደባልቁታል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ታኅሣሥ 23 ግድም እስኪገባ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የተፈሪ መኮንን ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው፤ 7 ሲደመር 1930። ልደታቸው ሐምሌ 16 ቀን 1884 ነው፤ 8 ሲደመር 1892። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት መስከረም 1 በተለመደው ዓመት የሚውለው ሴፕቴምበር 10 እንጂ 11 አልነበረም። ስለዚህ የምኒልክ ልደት ኦገስት 17 ነው፤ በዛሬው ስሌት የሠራ ተማሪ 18 ያመጣል። የተፈሪም ጁላይ 23 እየተባለ የሚከበረው በዚያን ዘመን ስሌት ጁላይ 22 ነበር። አንድ ቀን የማንንም ጠባይ አይለውጥም፤ አንድ ዓመት ግን የ12 ዓመቱን ልጅ 13 ያደርገዋልና ያስጠነቅቋቸው።

ቀጥሎ በሦስተኛው ዓምድ ላይ እያንዳንዱን መስመር ምልክት ያድርጉበት፦ በጊዜው የተጻፈ፣ በቃል የወረደ፣ ሰውየው ከተሾመ በኋላ የተነገረ። የመጨረሻው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚያምረው ነው፤ ደጅ ጠኚና ጠላት ሁለቱም ልጅነት ይፈጥራሉ። ከላይ ያነሳነው የኮሶ ታሪክ «በቃል የወረደ» ውስጥ ይገባል። መጣል የለበትም፣ የጽሑፉ ምሰሶ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ውሳኔው። ምኒልክን መጀመሪያ ያዳናቸው ዘዴ ከሚበልጥ ኃይል ጋር ተስማምቶ መኖር፣ ማጎንበስ፣ መጠበቅ፣ ቀን ሲገኝ መውጣት ነው። ልቼ ላይ ያደረጉትም ይኸው ነው፤ ለዮሐንስ ገብተው ሸዋን ይዘው ቆዩ፣ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ላይ ነገሡ። ከጣሊያን ጋርም ቢሆን ውጫሌን በ1881 ተፈራርመው፣ መሣሪያውን ተቀብለው፣ ውሉን ያፈረሱት በ1885 ነው። ቆንስል በማሰር የተጀመረውን ነገር የመጀመሪያውን ዓመት መቅደላ ሆነው በዓይናቸው አይተዋል።

እዚህ ላይ ካቆሙ ጽሑፉ ያምራል፣ ግን አልተፈተነም። ተማሪው ራሱ በራሱ ላይ ጠበቃ ይሁን፦ ያለ መቅደላ ይህንኑ ማስረዳት ይቻላል ወይ? ይቻላል። የምኒልክ አያት ሣህለ ሥላሴ ምርኮ ሳያዩ በ1834 ከእንግሊዝ፣ በ1835 ከፈረንሳይ ጋር ውል ተዋውለዋል። ሸዋ ወደ ታጁራና ዘይላ የሚወርደውን የንግድ መንገድ ይዞ ስለነበር ከባሕር ማዶ ሰው ጋር መደራደር የቤቱ ልማድ ነው። ስለዚህ የባዕዱ ድርድር ግማሹ የአያት ውርስ ሊሆን ይችላል፤ ማጎንበሱና መጠበቁ ግን ከሣህለ ሥላሴ አልመጣም፤ ለማንም ያጎነበሱ ሰው አልነበሩም። በእኛ አስተያየት የመቅደላ እጅ የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

በመጨረሻ ዘዴው የተጣሰበትን ጊዜ ይፈልጉ። 1888 ዓድዋ ላይ ምኒልክ አላጎነበሱም። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ መቀሌ ላይ በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ውኃ የተነጠቀውን የጣሊያን ጦር ሳይፈጁ እንዲወጣ ለቀውታል። ተማሪ ይህን ካገኘ ከ4 ገጹ ምርጡ አንቀጽ እሱ ይሆናል።

የሚወዳደር ሰው ማቅረብም ያስፈልጋል። ለተፈሪ መኮንን ልጅ ኢያሱን ያቅርቡ፦ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቤተ መንግሥት፣ በምኒልክ ትምህርት ቤት። አንዱ ከሐረር በእነ አባ ሳሙኤል እጅ ተምሮ የመጣ፣ ሌላው የወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ። ኢያሱ በ1901 አልጋ ወራሽ ተባለ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 በመስቀል ቀን ተሻረ። የትምህርት ቤቱ ተጽዕኖ ብቻ ቢሆን ሁለቱ እንዲህ ባልተለያዩ።

ለምንጭ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ይበቃሉ። የትምህርት ቤቱን የትብብር ደብዳቤ አስቀድመው ያጽፉ፤ ያለዚያ ከሰንዳፋ የተሳፈሩበት የትራንስፖርት ወጪ በከንቱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ታላላቅ መሪዎች በልጅነታቸው ወላጅ ያጡ ናቸው የሚባለው እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከገላን)

መልስ፦ እንግሊዛዊቷ ሉሲል አይረሞንገር እ.ኤ.አ. በ1970 የአገሯን ጠቅላይ ሚኒስትሮች ቆጥራ ብዙዎቹ በልጅነታቸው አባት ወይም እናት ያጡ መሆናቸውን አሳይታለች። ከእኛም ተፈሪ መኮንን እናታቸውን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ አባታቸውን በ13 ዓመታቸው አጥተዋል። ችግሩ ግን በዚያ ዘመን ወላጅ የሞተበት ልጅ በየመንደሩ ሞልቶ ነበር። «ከመሪዎቹ ስንቶቹ?» ብቻ ሳይሆን «ከእኩዮቻቸው ስንቶቹ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ጥያቄ፦ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አንድ አሜሪካዊ ምሁር ከመሪው የሕይወት ታሪክ ተነሥቶ አገዛዙን አስቀድሞ መተንበይ ይቻላል ብሏል ተብለን ተምረናል። ዘዴው ይሠራል? ለእኛስ አገር? (ተማሪ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ ሰውየው ጄምስ ዴቪድ ባርበር ነው፤ ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972። ሕይወትን በሦስት ይከፍለዋል፦ ጠባይ በልጅነት፣ ስለ ዓለም ያለው አመለካከት በጉርምስና፣ የአሠራር ስልት ደግሞ በወጣትነት፣ በተለይ ራሱን ችሎ ባገኘው የመጀመሪያ ድል ጊዜ ይቀረጻል ይላል። ከዚያ መሪዎቹን ሥራ ላይ ንቁ ነው ወይስ ዝምተኛ፣ በሥራው ይደሰታል ወይስ ይማረራል ብሎ በአራት ይመድባል። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ጉድ ሳይወጣ ስለ ኒክሰን ማስጠንቀቁ ስሙን አስነሣለት።

ከሦስቱ ጠንካራው የመጨረሻው ነው፤ ደካማው ምደባው ነው። ባርበር ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ከዝምተኞቹ መደበው። እ.ኤ.አ. በ1982 ፍሬድ ግሪንስታይን ከተከፈቱት ሰነዶች ተነሥቶ ያሳየው ግን አይዘንሃወር ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ነገሩን ሁሉ ሲዘውር እንደነበር ነው። ዝምታው ራሱ ስልት ነበር። የመሪው ወረቀት ሳይከፈት ምድብ መስጠት እንዲህ ያሳፍራል።

ሌላው ማወቅ ያለብህ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የዉድሮው ዊልሰን ጉዳይ ነው። አሌክሳንደርና ጁልየት ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1956 እንዲህ አሉ፦ ዊልሰን የጠንካራ ሰባኪ ልጅ ነው፤ ለአባቱ ያልሰጠውን መልስ ለሌላ ባለሥልጣን ይሰጣል፣ ከተገዳደሩት አይለሳለስም። ማስረጃቸው ድግግሞሹ ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሳለ ከዲን ዌስት ጋር ስለ ድኅረ ምረቃ ኮሌጁ ተጣልቶ ተሸነፈ። በ1919 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴናተር ሎጅ የመንግሥታቱን ማኅበር ውል ከነቅድመ ሁኔታው እንቀበል ሲል አይሆንም አለ፤ የራሱን ፓርቲ ሰዎች ሳይቀር ቅድመ ሁኔታ ያለበትን እንዳይደግፉ አደረገ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ፤ አሜሪካ ማኅበሩ ውስጥ ሳትገባ ቀረች። በኋላ ኤድዊን ዋይንስታይን የተባለ የነርቭ ሐኪም ተነሥቶ ነገሩ የአባት ጉዳይ ሳይሆን የስትሮክ ነው አለ። ዊልሰን በጥቅምት 1919 እ.ኤ.አ. ከባድ ስትሮክ እንደመታው የማይካድ ነው፤ ሐኪሙ ግን የቀደሙ ምልክቶችንም ይቆጥራል። ክርክሩ ለዓመታት ቆይቷል። ለአንተ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ የጤና መዝገብ ሳታይ ስለ መሪ ግትርነት ምክንያት አትስጥ።

ለእኛ አገር «የመጀመሪያው ድል» የምትለዋን ውሰድ። ራስ መኮንን በ1898 ሲሞቱ ሐረር የተሰጠችው ለ13 ዓመቱ ደጃዝማች ተፈሪ ሳይሆን ለታላቅ ወንድማቸው ለይልማ ነበር። ይልማ በዓመቱ ግድም ሞቱ፤ ተፈሪ ግን ሐረርን ያገኙት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አልጋ ወራሽ የተባሉት በ1909፣ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1923፤ መካከሉ 14 ዓመት ነው። አለመቸኮል፣ ተቀናቃኝን በሹመት ማዛወር፣ ሁለት ወገኖች እርስ በርስ እንዲፎካከሩ መተው፣ ይህ ሁሉ አዋጥቷል። በ1966ም የወጣው ያው ዘዴ ነው። በየካቲት የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፣ እንዳልካቸው መኮንን ገቡ፣ በሐምሌ ሚካኤል እምሩ ተተኩ። ያኔ ግን ተቀናቃኙ ሹመት የሚያበርደው መኳንንት አልነበረም፤ ሠራዊቱ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ወረዱ።

ጥያቄ፦ እኛ ሆለታ አካባቢ ኮሎኔል መንግሥቱ የጨከኑት በልጅነታቸው ስለተናቁ ነው ሲባል ሰምተን አደግን። (አንባቢ፣ ከሆለታ)

መልስ፦ የልደት ዘመናቸው እንኳ እ.ኤ.አ. 1937 ተብሎም 1941 ተብሎም ይጻፋል፤ ስለ ትውልድ ቦታቸውና ስለ ወላጆቻቸውም ጸሐፊዎች አይስማሙም። እንዲህ ባለ መሠረት ላይ የልጅነት ቁስል መገንባት አይቻልም። የተረጋገጠው ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት መመረቃቸው ነው።

ከዚህም በላይ ደርግ ከ100 በላይ አባላት ነበሩት፤ አስተዳደጋቸው የየራሱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳዎቹ የተገደሉት በደርግ ስብሰባ ተወስኖ ነው። የአንድ ሰው ልጅነት ያን ሁሉ እጅ ማስነሣቱን አያስረዳም። መንግሥቱን ወደ ላይ ያወጣው ዘዴ በግልጽ የሚታየው ከ1966 ወዲህ ነው፦ አማን አንዶም በኅዳር 1967፣ ተፈሪ በንቲ በጥር 1969፣ አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970። ተቀናቃኝ ሳይቀድም መቅደም። ለዚህ ቤተሰባቸውን መቆፈር አያስፈልግም፤ ሦስቱን ቀኖች መደርደር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማንዴላ ኮልፌ ሠልጥነዋልና እኛ ቀረጽናቸው ማለት እንችላለን? (አንባቢ፣ ከኮልፌ ቀራኒዮ)

መልስ፦ ኮልፌ ያኔ የከተማው ዳርቻ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በፈጥኖ ደራሹ ሠፈር የወታደር ትምህርት ወስደዋል፤ አዛዡ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ነገር ግን ሰውየው 44 ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ጠበቃም ታጋይም ሆነው ነው የመጡት። የቀረጻቸውን ከፈለጉ ደቡብ አፍሪካ ወዳለችው ወደ ምቄኬዝዌኒ መንደር ይሂዱ። አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጓቸው የቴምቡ ገዢ ጆንጊንታባ፣ በሸንጎ የመጣ ሁሉ ተናግሮ ሳይጨርስ ቃል አይተነፍሱም ነበር። ማንዴላ በኋላ ስብሰባ ሲመሩ ይህንኑ እንደተከተሉ ራሳቸው ተናግረዋል።

ጥያቄ፦ ምርጫ ሲመጣ ዕጩዎች «እረኛ ነበርኩ፣ ጫማ አልነበረኝም» ይሉናል። እኛ መራጮች ምን እንጠይቅ? (አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ጫማውን ተዉት፤ በዚያ ትውልድ ጫማ የነበረው ጥቂቱ ነው። በ20ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ኃላፊነት የያዘበትን ቦታ ጠይቁ፦ ርዕሰ መምህር ነበር? የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር? የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ? የዕድር ዳኛ? ከዚያ አብረውት የሠሩትን ሦስት ሰዎች ፈልጉ፤ ሁለት ወዳጅ ብታገኙ እንኳ አንዱ የተቀየመው ይሁን። የምትጠይቁትም «ደግ ነበር?» ብላችሁ አይደለም። ኮሚቴው ሲጋጭ ምን አደረገ፦ ሰበሰበ፣ አባረረ፣ ወይስ ጥሎ ሄደ? ገንዘብ ሲወጣ ብቻውን ፈረመ ወይስ ከገንዘብ ያዡና ከጸሐፊው ጋር? ጊዜው ሲያልቅ መዝገቡን አስረክቦ ወረደ ወይስ ጠቅላላ ጉባኤው «ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ነው» እየተባለ ተጓተተ?

የዕድር መዝገብ በየቤቱ አለ። ሒሳብ ተቆጣጣሪውን በትሕትና ከጠየቃችሁት የፊርማውን ገጽ ያሳያችኋል፤ ሦስት ፊርማ መኖር ባለበት ቦታ አንድ ብቻ ካያችሁ፣ በየትኛው ወርና በስንት ብር ላይ እንደሆነ ጻፉና በቅስቀሳው ስብሰባ ላይ ዕጩውን በቀጥታ ጠይቁት።